የአም ካይታን ሦስቱ ሳህኖች

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጉዳይ መተማ ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ በሱዳን በኩል ገላባት ላይ ማኅተም ለማስመታት ተሰልፌ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፊቴ አሥራ ምናምን ሰው አለ፣ ከኋላዬ ሰሊጥ ሊያጭዱ የሚሻገሩ ወጣቶች እየተገፋፉ ይሳሳቃሉ። በዚህ መሃል ከሆነ ቦታ ሽታ መጣ። ኮኮናት ከስኳርና ከቅቤ ጋር ብረት ላይ ሲቀላ የሚሸተው ሽታ። አፍንጫዬን አንስቼ ዞርኩ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሱዳናዊት ሴት ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ባስቡሳ የሚሉትን ኮኮናት የተነሰነሰበት ጣፋጭ ከትልቅ ትሪ ላይ በቢላ ትቆራርጣለች።

ሰልፉን ጥዬ ሄድኩ። ሰልፍ ጥሎ ምግብ የሚከተል ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ፣ ሰላም በሉኝ። አራት ቁራጭ ገዝቼ ሁለቱን ቆሜ ዋጥኩ፤ ሦስተኛው አፌ ውስጥ እንዳለ እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ደነገጠች።

«ማሌሽ ያ ኡኽቲ፣ ይቅርታ እህቴ፣ አቃጠለሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አቃጠለኝ» አልኳት። ምን ልበላት? ያቃጠለኝ በልጅነቴ የበላሁት ነው ልበላት?

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ነው። አባቴ ባሱንዳ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አቧራ ለብሶ ይመጣል። እናቴ ገዳሪፍ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። የምንኖርበት ጠባብ መንገድ ውስጥ የሐበሻ ቤት ሦስት ነበር። አንዱ የኛ። አንዱ የጋሽ መኩሪያ፤ ጎንደር እያለ ጸሐፊ የነበረ፣ ስደት ላይ ደግሞ ራሱን በራሱ የሰፈሩ የጾም ፖሊስ አድርጎ የሾመ ሰው ነው። ሦስተኛው የእትዬ ትብለጽ፤ ከትግራይ የመጣች፣ ግማሹን በትግርኛ ግማሹን በአማርኛ የምትቆጣ፣ በሁለቱም የምትስቅ። መንገዱ ጫፍ ላይ ጎማ የሌለው የአሮጌ ሎሪ ጋቢና ወድቋል። ሾፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም እኔ ነበርኩ።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቁሩ አፈር መሰንጠቅ ሲጀምር ጥጉ ላይ ያለችው ቤት አዲስ ተከራይ ገባባት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ሽማግሌ፣ ነጭ ጢም ያለው። ዕቃው አንድ የብረት ሳንዱቅና አንድ ከነክዳኑ ሰው የሚያህል ድስት ነው። ስሙ ካይታን ይባላል። ሱዳኖች ትልቅ ሰው ሲጠሩ «አም» ይላሉ፣ አጎቴ እንደ ማለት፤ እኔም አም ካይታን አልኩት። ሰፈሩ ግን «ህንዱ» ነው የሚለው።

ጋሽ መኩሪያ ገና ዕቃው ሳይራገፍ ቀርቦ «እንኳን ደህና መጣህ። ትዘፍናለህ?» አለው። የህንድ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ህንዶች ዛፍ ሲያዩ መዝፈን ግድ የሚላቸው ይመስለዋል። አም ካይታን ሳቀና በወፍራም ድምፅ አንድ ነገር አዜመ። ጋሽ መኩሪያ በኩራት ወደኛ ዞሮ «አላልኳችሁም?» አለ።

አም ካይታን የዕድሜውን እኩሌታ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበር። ከዚያ ፖርት ሱዳን ወረደ፤ ከዚያ አንድ ነጋዴ ለእንግዳ ማረፊያው ምግብ እንዲሠራ ገዳሪፍ አመጣው፤ ነጋዴው ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ አም ካይታን እኛ ሰፈር ቀረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው።

ሰፈሩ ወዲያው ስለ እሱ ሁሉን ነገር አወቀ። ማለትም ምንም አላወቀም። እናቴ በር ላይ ሰላም ልትለው ብቅ ስትል ግድግዳው ላይ አበባ በአንገቷ የተንጠለጠለባት ትንሽ ሐውልት አየች፤ «ጣዖቱን ተክሎ ነው የሚኖረው፣ ግን ጨዋ ሰው ነው» ብላ መጣች። እትዬ ትብለጽ ደግሞ ህንድ ሥጋ እንደማይነካ ከሆነ ሰው ሰምታለች፤ እሱ ሥጋ ሲገዛ ማንም አላየም፣ ስለዚህ እውነት ነው። እሁድ እሁድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወደ መሃል ከተማ ሲሄድ ገበያ ነው የሚሄደው አልን።

እኔ ሽታውን ተከትዬ ገባሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ክፍት ነበር፤ አሳ በኮኮናትና በዐረዴብ እየሠራ ነው። ዐረዴብ ያው እናንተ ሮቃ የምትሉት ኮምጣጣ ፍሬ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

«ተራብሽ?» አለኝ።

«አልራበኝም።»

«ታዲያ ለምን ምራቅሽን ትውጫለሽ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሄድኩ። አሁን ሐኪሙ «ስኳርሽ ከፍ ብሏል፣ መቼ ነው የጀመረሽ?» ሲለኝ፣ ቀኑን ባላውቅም ቤቱን አሳይሃለሁ ልለው እፈልጋለሁ።

የአም ካይታን አገር ጎዋ ትባላለች፣ ህንድ ባሕር ዳር። አሁን ልጄ ስልኳ ላይ ታሳየኛለች፤ ፈረንጅ አሸዋው ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከዓለም ሁሉ ለእረፍት የመጣ ሰው በሞተር ይፈስሳል። «እማ፣ አንድ ቀን እንሂድ» ትለኛለች። እኔ ሄጃለሁ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ የአም ካይታን ወንበር ሥር ቁጭ ብዬ።

ሰዉ ሩዝና አሳ ካልበላ በላሁ አይልም አለኝ። የድሮ ቤቶች መስኮታቸው መስታወት ሳይሆን የባሕር ዛጎል ነው፤ ተፍቆ ተፍቆ ብርሃን የሚያስገባ። እኔ እንደገባኝ ከዛጎሉ ውስጥ አሳው ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ያያል፤ ስለዚህ ልብስ እንዴት እንደሚቀይሩ አሳሰበኝ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ የዮሐንስ በዓል አለ፤ ዮሐንስ በእናቱ ማኅፀን ዘለለ ተብሎ ወንዶቹ የቅጠልና የአበባ አክሊል ደፍተው ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ይዘላሉ። አዲስ አማች ከሆነማ ግዴታው ነው።

«ማን ያወጣቸዋል?»

«ራሳቸው ይወጣሉ።»

«ያልወጣ አለ?»

«እኔ ወጣሁ፣ ይኸው» አለና ሳቀ። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ ጎዋን ሳስብ ከየጉድጓዱ አበባ የደፋ ጭንቅላት ብቅ ብቅ ሲል ነበር የሚታየኝ። ከዐቢይ ጾም በፊት ደግሞ ሰዉ ሁሉ ጭምብል አድርጎ መንገድ ይወጣል፣ በዱቄትና በቀለም ይደባደባል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «በዱቄት? ጥጋብ ነው!» ብላ ተቆጣች፣ ዱቄቱን ከሷ ጓዳ የወሰዱት ይመስል። የደረሰ ሩዝ ሲታጨድ የመጀመሪያው ነዶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ቄሱ ይባርከዋል።

እዚህ ላይ አቋረጥኩት። «የምን ቄስ?»

«ቄስ ነዋ። ክርስቲያን ነን እኮ። ፖርቱጋሎች አራት መቶ ዓመት ተቀምጠውብን፣ ሲሄዱ ሃይማኖቱን ረስተውት ሄዱ።»

«እሷስ ማን ናት?» አልኩት ሐውልቷን እያሳየሁ።

«ማርያም ናታ።»

«ማርያም አበባ አታደርግም።»

«የኛ ሰፈር ማርያም ጌጥ ትወዳለች» አለኝ።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኩ። «እማ፣ አም ካይታን ክርስቲያን ነው!»

«እሱ ነው ያለሽ ወይስ አንቺ ነሽ ያልሽው?»

ይህን የጠየቀችኝ ያለ ነገር አይደለም። ባለፈው ሳምንት የእትዬ ትብለጽ ፍየል ሦስት ወለደች ብዬ ሰፈሩን በሙሉ እልል አስብያለሁ። ፍየሉ ወንድ ነበር። ሰው በማሳቅ የምታወቅ ልጅ ነበርኩ፤ ሰው የሚያስቅ ልጅ ደግሞ እውነት ሲናገር የሚያምነው የለም። እናቴ ሳቀችና በርበሬዋን መልቀም ቀጠለች። እኔም አልደገምኩትም።

ኅዳር ላይ አም ካይታን ደብዳቤ መጣለት። ፖርት ሱዳን ያለ ያገሩ ሰው ነው የላከው፤ እንደሱው ሽማግሌ፣ እንደሱው ብቻውን። ና አብረን እናርጅ ይላል ደብዳቤው። አጣጥፎ የሳንዱቁ ክዳን ውስጥ ከተተው።

«ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«አላውቅም። ፖርት ሱዳን ዝናብ የለም። እዚህ ሰኔ ሲመጣ አፈሩ የኛን አገር ይሸታል። እዚህ መሆን እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ሁን።»

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ ሰው ጎረቤት ያስፈልገዋል። ጎረቤት ከሌለው ሲሞት በሩ ሦስት ቀን ሳይከፈት ይቀራል። እዚህ ጎረቤት ካለኝ እቀራለሁ። ከሌለኝ ከገና በኋላ እሄዳለሁ።»

«ሁሉም ሰላም ይልሃል እኮ!»

«ሰላም ፖሊስም ይለኛል።» ከዚያ ያገሩን ደንብ ነገረኝ። ለገና እያንዳንዱ ቤት ጣፋጭ ይሠራል፣ በሳህን አድርጎ፣ ጨርቅ አልብሶ ለጎረቤት ይልካል። ሳህኑን ልጅ ነው የሚወስደው፤ ትልቅ ሰው ይዞ ከመጣ ተቀባዩ እፊቱ ልቅመስ ልተው ብሎ ይጨነቃል። ጎረቤት ሳህኑን ሲመልስ አንድ ነገር ያደርግበታል። የሠራው ካለ የሠራውን፣ ከሌለው አንድ ቁንጥር ስኳር። «ባዶ ሳህን የሚመልስ» አለኝ፣ «ካንተ ጋር ጉዳይ የለኝም ማለቱ ነው። እኛ ጋ ከስድብ ይብሳል።»

ስለዚህ ዘንድሮ ሦስት ሳህን ሊልክ ነው። ለኛ፣ ለጋሽ መኩሪያ፣ ለእትዬ ትብለጽ።

እዚህ ጋ ልነግረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበር። የሱ ገና የሚውለው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ በእኛ ጾም መሃል ነው። ቅቤና እንቁላል የገባበት ነገር ሦስቱም ቤት አይነካም። እሱ ይህን አያውቅም፤ ኑሮው ሁሉ ከመርከበኛና ከነጋዴ ጋር ነበር። እኔ አውቃለሁ። እንዲያውም ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን እጾማለሁ ብዬ ትምህርት ቤት ድረስ አውጄ ነበር። ግን «ጾም ነው» ካልኩት እየሠራ ማቅመሱን ያቆማል። ዝም አልኩ። ምክንያቴ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። ብፈልግለት ደስ ባለኝ።

ኮኮናቶቹ ከፖርት ሱዳን በሎሪ መጡ፤ ጠጉራም ስለሆኑ መጀመሪያ የዝንጀሮ ራስ መስለውኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራ። አንዱ እንደ ጨረቃ ታጥፎ በዘይት የሚጠበስ ነው፣ ሆዱ ኮኮናት። አንዱ ጥቁር፣ እንደ ሙጫ ጥርስ የሚይዝ። ትልቁ ግን ቤቢንካ ይባላል። የእንቁላል አስኳል፣ የኮኮናት ወተት፣ ስኳር፣ ዱቄት። ድስቱ ሥር ላይ በቅቤ አንድ ስስ ንጣፍ ያፈስሳል፣ ከዚያ ክዳኑ ላይ ፍም ይከምራል፤ እሳቱ ከላይ ነው የሚመጣው። ንጣፉ ቀልቶ ቡናማ ሲሆን ቅቤ ይቀባና ሌላ ንጣፍ ያፈስስበታል። እንዲህ እያለ ሰባት ጊዜ። ፍሙን በካርቶን የማራግበው እኔ ነኝ።

«አሁንስ? ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«አሁንስ?»

«ዘርፌ፣ የታችኛው ሳይቀላ የላይኛውን ያፈሰሰ ሰው የሚበላው ገንፎ ነው።»

ማንኪያውን እኔ ላስኩ። ድስቱን ያዘጋጀበትን ቅቤም ላስኩ። ማታ እናቴ ሹሮ ስታቀርብልኝ «በቃኝ» አልኩ። «ልጄ እኮ ጾሙን ወዳዋለች፣ ፊቷ እንኳ አበራ!» ብላ ለእትዬ ትብለጽ ነገረቻት። እውነቷን ነው፣ ያበራ ነበር። ቅቤ ነው።

የሱ ገና ቀን ጠዋት፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ነጭ የብረት ሳህኖች ሞላ። በየሳህኑ ቤቢንካው ሰባቱ ንጣፍ እንዲታይ በጎኑ ተቆርጦ ተቀምጧል። በዳንቴል ጨርቅ ሸፈናቸው።

«‹ካይታን ለጌታ ልደት› በይ። ሌላ ቃል አትጨምሪ፣ አውቅሻለሁ።»

የመጀመሪያውን ሳህን ይዤ ወደ ጋሽ መኩሪያ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ውስጥ እየጮኸ ነው። ሚስቱ ከሱቅ ያመጣችው ብስኩት ላይ የላም ሥዕል አይቶ ኖሯል።

«ላም ለምን ተሳለበት? ወተት ባይኖረው ላም ምን ትሠራለች እዚህ?»

«ኧረ ሥዕል ነው መኩሪያ!»

«ጾሙን በሥዕል ነው የሚያፈርሱት!»

እጄ ላይ ያለውን ሳህን አየሁት። ሥዕል አይደለም። ወደ ኋላ ተመለስኩ። አም ካይታን ጋ ይዤው ብሄድ «ለምን?» ይላል፤ «ጾም ነው» ስለው ደግሞ «ታዲያ አንቺ ትናንት ምን ስትልሺ ነበር?» ይለኛል። መንገዱ መሃል ቆሜ አሰብኩ። ያሰብኩት ነገር በዚያ ዕድሜዬ እጅግ ብልህ መሰለኝ፤ ሳህኖቹን ሎሪው ጋቢና ውስጥ እደብቃለሁ፣ በኛ ገና ዕለት ጾሙ ሲፈታ አወጣና አድላለሁ። አም ካይታን ደስ ይለዋል፣ ሰፈሩ ደስ ይለዋል፣ እግዜርም ደስ ይለዋል። ሦስቱንም ወስጄ የሾፌሩ ወንበር ሥር ከተትኳቸው።

ስመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ምን አሉ?»

እዚህ ላይ «ሰጠኋቸው» ብሎ መተው ይቻል ነበር። ግን እኔ ነኛ። «ጋሽ መኩሪያ ጢሙን ጠርጎ ‹እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም› አለ። እትዬ ትብለጽ እልል አለች። እማ አለቀሰች።»

«አለቀሰች? ለምን?»

«ጣፍጧት።»

ሽማግሌው በሩን ተደገፈ። ዓይኑ እርጥብ ሆነ። «ሳህኖቹስ?»

ሳህኖቹን አላሰብኩባቸውም ነበር። አፌ ግን ሁልጊዜ ከኔ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። «የኛ ገና አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ያን ቀን ሞልተን እንመልሳለን ብለዋል። ሁሉም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም!»

«ተማም» አለ፣ ጥሩ ማለቱ ነው። ገብቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ተማም፣ ተማም።»

በማግስቱ ሳህኖቹን ለማየት ሄድኩ። ተበላሽቶ እንደሆን ማረጋገጥ አለብኝ አይደል? ከጋሽ መኩሪያ ሳህን አንድ ጨረቃ ቀመስኩ። አልተበላሸም። በሦስተኛው ቀን ሳህኖቹ እኩል እንዲሆኑ ከእትዬ ትብለጽም፣ ከኛም አንዳንድ አነሳሁ። በአምስተኛው ቀን ጉንዳን ገባ። ጉንዳን የነካውን ለሰው መስጠት ነውር ነው፤ የነካውን በላሁ። በነጋታው ጉንዳኑ ሌላውንም ነካ። ቤቢንካውን ግን ንጣፍ በንጣፍ እየገፈፍኩ፣ በቀን አንድ ንጣፍ ብቻ ብዬ ማልኩ፤ መሐላው አልቆየም። ከእትዬ ትብለጽ ሳህን ሰባተኛውን ንጣፍ ስጨርስ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ከሷ በፊት አልቀው ነበር። ለገና አራት ቀን ሲቀረው ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሳህን፣ ሦስት ዳንቴልና አንዲት ወፍራም ልጅ ነበሩ።

የኛ ገና ነጋ። ዶሮው ተሠርቷል፤ ከሦስቱም ቤት የቁሌቱ ሽታ ይገናኛል። የኛ ሰፈር ደንብም ከጎዋ የራቀ አልነበረም፤ እናቴ ለጋሽ መኩሪያ ቤት ትልካለች፣ እነሱ ለእትዬ ትብለጽ፣ እሷ ለኛ። የምሸከመው እኔ ነኝ። ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ለመሄድ ደግሞ በአም ካይታን በር ማለፍ ግድ ነው።

በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶታል። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ከመርከብ ጊዜው የቀረ፣ ትከሻው ላይ የሰፋ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ብርጭቆዎች ደርድሯል። በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ሳህን ይዤ ብቅ ስል ብድግ አለ። አለፍኩት። ቁጭ አለ። ሁለተኛውን ይዤ ስመጣ እንደገና ብድግ አለ፣ ኮቱን ጎተት አደረገ። አለፍኩት። በሦስተኛው ጊዜ ፈጠን ብዬ ላልፍ ስል መረቁ አውራ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ግማሽ ድረስ ተነስቶ፣ እንደዚያው ጎንበስ እንዳለ ቆየና በቀስታ ተመልሶ ተቀመጠ። አላየኝም፤ ሳህኑን ነበር የሚያየው።

ቤት ገብቼ እናቴን «ለአም ካይታንስ?» አልኳት።

«ምን ለሱ?»

«ዶሮ።»

«ውይ አንቺ! ህንድ እኮ ሥጋ አይነካም። ዶሮ ብልክለት ሃይማኖቱን መስደብ ይሆንብኛል። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አላስቀይመውም።»

አፌን ከፈትኩ። ክርስቲያን ነው፣ የላከልሽን እኔ በላሁት፣ ሱፍ ለብሶ ሳህን እየጠበቀ ነው። ያን ሁሉ አንድ ላይ ማለት ነበረብኝ፣ አንዱን ብል ሌላው ይከተላል። እናቴ አንድ የዶሮ ብልት አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። «ብዪ፣ ጾመሽ ተጎድተሻል» አለችኝ።

አመሻሹ ላይ ሎሪው ጋ ሄጄ ሦስቱን ሳህኖች አወጣሁ። እንስራው አጠገብ አጠብኳቸው፣ ዳንቴሎቹን አጣጠፍኩ። አም ካይታን ወንበሩን አስገብቶ ውስጥ ነበር። ሳህኖቹን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ሸሸሁ። ጥጉ ጋ ተደብቄ አየሁት። ወጣ። የላይኛውን ሳህን አነሳ፣ አየው። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን ወደ ብርሃኑ አዘንብሎ በጣቱ መሃሉን አበሰው፣ ምናልባት አንድ ቅንጣት የተጣበቀ እንዳለ ብሎ።

የስኳሩ ቆርቆሮ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ነበር። ሳህኖቹን ሳጥብ ከኔ ሁለት እርምጃ አይርቅም። አንድ ቁንጥር ለአንድ ሳህን፣ ሦስት ቁንጥር ብቻ። ቸኩዬ ረሳሁት። አሁንም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሻይ ላይ ስኳር ሳደርግ እጄ አየር ላይ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ሐኪሙ ጎበዝ ይለኛል፣ ለጤናዬ የማደርገው መስሎት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖርት ሱዳን የሚሄድ ሎሪ መንገዳችን አፍ ላይ ቆመ። አም ካይታን እሄዳለሁ ብሎ ለእናቴ ሲነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ምን ሆነህ? ማን አስቀየመህ?»

«ማንም» አላት። «ማንም ምንም አላለኝም።»

ሰፈሩ ወጣ። አባቴ ከባሱንዳ መጥቶ ስለነበር ከጋሽ መኩሪያ ጋር ያን ድስት ተሸክመው ጫኑለት። እትዬ ትብለጽ ለመንገድ ብላ ቂጣ ጠቅልላ አመጣች፤ ቅቤ አልነካም፣ ሥጋ አልነካም እያለች ትምልለታለች። እናቴ ሳንዱቁን በገመድ አሰረችለት። አም ካይታን መሃላቸው ቆሞ አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል። አልገባውም። ባዶ ሳህን የመለሱለት ሰዎች ለምን ላባቸውን እንደሚያንጠፈጥፉለት አልገባውም።

ጋሽ መኩሪያ እጁን አራግፎ ቀረበ። «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ፈልጌ ስፈራ ስቸር ከረምኩ። ሃይማኖትህ ምንድነው? ለአንድ ቀን እንኳ በዓል ስታከብር አላየንህም። ብናውቅ እንኳን አደረሰህ እንልህ ነበር።»

አም ካይታን በዝግታ ዞሮ እኔን አየኝ። የእናቴ ቀሚስ ኋላ ነበርኩ። ብዙ አላየኝም፣ አንድ ሰው ስም እስኪያነብ ያህል። ሁሉንም አወቀ።

«ክርስቲያን ነኝ» አለ።

«ምን?» አለ ጋሽ መኩሪያ።

«የኢየሱስ፣ የማርያም። ገናም አከብራለሁ።»

«አንተ ሰውዬ! ታዲያ በገና ብቻህን አስቀምጠን… ዶሮ እየበላን… ለምን አልነገርከንም?»

እናቴ «ዘርፌ ነግራኝ ነበር እኮ፣ ውሸቷን መስሎኝ!» ብላ ጭኗን መታች። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

አም ካይታን «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ከዚያ ልመናው መጣ። ጋሽ መኩሪያ ድስቱን እናውርደው አለ፤ አባቴ የሎሪውን በር ይዞ «ሰኔን ቆይና ሂድ» አለው። ግን ቤቷ ለሌላ ሰው ተሰጥታለች፣ ፖርት ሱዳን ያለው ጓደኛው አልጋ አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። «ሽማግሌ አያስጠብቁትም፣ ይሞታል» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

ሊወጣ ሲል በእጁ ጠራኝ። ሄድኩ። ጎንበስ ብሎ ማንም እንዳይሰማ አድርጎ ጠየቀኝ።

«በላሽው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሦስቱንም? ብቻሽን?»

«ጉንዳንም ነበረ» አልኩት። ይህን ያልኩት ላስቀው አልነበረም፣ የመጀመሪያ እውነቴ ነው።

አልሳቀም። «የላይኛው ንጣፍ» አለ፣ «አልቀላም መሰለኝ። ፍሙ አንሶ ነበር። ታወቀሽ?»

«ቀልቷል» አልኩት። እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ። «ጥሩ አድርጎ ቀልቷል።»

«እሺ» አለ። መዳፉን አናቴ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየና ሎሪው ላይ ወጣ።

አቧራው ገና ሳይረጋ እናቴ ትከሻዬን ያዘች። «ምን አለሽ? ምን ብሎሽ ነው እንዲህ የምታለቅሺ?»

መናገሪያው ያኔ ነበር። ሎሪው መንገዱን አልጨረሰም፤ አባቴ ሮጦ ይደርስበት ነበር።

«በትምህርትሽ በርቺ አለኝ» አልኳት።

እናቴ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። «የሰው ደግ!» አለች። ለእትዬ ትብለጽ ነገረቻት፣ እሷ ለጋሽ መኩሪያ። በዓመቱ ክፍል ስደግም ጋሽ መኩሪያ መንገድ ላይ አስቁሞ «ያ ደግ ሰውዬ በመጨረሻዋ ሰዓት ምን እንዳለሽ ረሳሽው?» ብሎ ገሠጸኝ።

«አልረሳሁትም» አልኩት።